ከተምች ስለመጣ ብቻ ክትባት አይናቅም

የአሜሪካው የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በኤፕሪል 2025 ለሲቢኤስ ቃለ መጠይቅ ሰጥተው ነበር። ስለ ኖቫቫክስ የኮቪድ ክትባት ሲጠየቁ፣ አንድ አንቲጅን (ሰውነት ጠላቱን የሚለይበት የጀርም ክፍል) ብቻ የያዘ ክትባት ለመተንፈሻ አካል በሽታ ሠርቶ አያውቅም አሉ። ሜይ 17 ደግሞ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ክትባቱን ሙሉ ፈቃድ ሰጠው። ፈቃዱ ግን ከነአጥሩ ነው፦ ዕድሜው 65 የሞላው፣ ወይም ከ12 እስከ 64 ሆኖ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ብቻ ይከተብ ተባለ። የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች ያን ዕለት እንዲህ ያለ አጥር አልነበረባቸውም። እነሱም እኮ ለሰውነት የሚያሳዩት ኖቫቫክስ የሚያሳየውን ያንኑ አንድ የቫይረስ ፕሮቲን ነው!

«ሠርቶ አያውቅም» ማለት ምን ማለት ነው? ዘጊ አነዳ ጉሮሮን ዘግቶ ሕፃናትን የሚገድል የመተንፈሻ በሽታ ነው። ክትባቱ የሚሠራው ጉልበቱ ከጠፋ አንድ መርዝ ነው። አንድ! እናቶቻችን ልጅ አዝለው ጤና ጣቢያ የሚሰለፉት ለዚህም ነው። ኖቫቫክስ ራሱ በአሜሪካና በሜክሲኮ 30 ሺህ ገደማ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ 90.4 በመቶ ውጤት አሳይቷል። የአንድ ትልቅ አገር የጤና ሚኒስትር ይህን ሳያይ አፉን መክፈት አልነበረበትም።

በእኛ ሰው የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ሌላ ወሬ እሰማለሁ። ኖቫቫክስን «የትል ክትባት» ነው የሚሉት። እሺ፣ ትሉን እንየው።

ትሉን ገበሬዎቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። በ2017 እ.ኤ.አ. አገር ቤት ገብቶ በቆሎ ያወደመው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። ለጋው ቅጠል መሀል ተሸጉጦ ሲበላ፣ ሰው በእጁ እየለቀመ ሲገድለው ነበር። ክትባቱ የሚመረትባቸው ሴሎች መነሻቸው የዚሁ ተምች እንቁልጢ (የእንቁላል ማመንጫ) ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት የተወሰደ ሴል ላብራቶሪ ውስጥ እየተባዛ እዚህ ደርሷል። ትል ፈጭቶ ሰው ላይ የሚወጋ የለም።

ሴሉ የትኛውን ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዘውን መልእክት ወደ ሴሉ የሚያደርሰው ባኩሎ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ የትል ጠላት ነው። የያዘው ትል ወደ ተክሉ ጫፍ ይወጣል፣ እዚያ ተንጠልጥሎ ይሞታል፣ ሰውነቱ ቀልጦ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከውስጡ የሚወጡት ቫይረሶች እንደ ክሪስታል ባለ የፕሮቲን ሽፋን ተጠቅልለው ሌላ ትል ይጠብቃሉ። ሽፋኑን የሚያሠራው ዘረ-መል እጅግ ጉልበተኛ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ቫይረሱ ያለ ሽፋኑ መኖር ይችላል። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ማክስ ሰመርስና ጌል ስሚዝ በ1983 ያሳዩት ይህንን ነው። የሽፋኑን ዘረ-መል አንስተው በቦታው የሰው ኢንተርፌሮን (ሰውነት ቫይረስን የሚከላከልበት ፕሮቲን) የሚያሠራ ዘረ-መል ተከሉ። የተምቹ ሴልም የታዘዘውን ፕሮቲን በገፍ አመረተ። ዛሬ ለኖቫቫክስ የሚታዘዘው የኮቪድ ቫይረስ እሾህ የሚባለው የላይኛው ፕሮቲን ነው። ከዚያ ይጣራል። ባኩሎ ቫይረስ ሰው ውስጥ አይራባም። ኮቪድን የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ በምርቱ ሂደት ውስጥ ጨርሶ የለም። ከዚህ በላይ ምን ጥንቃቄ ይፈለጋል?

አዲስ ነገርም አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ሰርቫሪክስ በነፍሳት ሴል ነው የተሠራው። በነፍሳት ሴል የሚሠራው ፍሉብሎክ የተባለው የጉንፋን ክትባትም በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ በእንቁላል ከሚሠራው ክትባት ይልቅ በጉንፋን የሚያዙትን በ30 በመቶ ቀንሷል። ልብ በሉ፣ ከተለያዩ የጉንፋን ዝርያዎች ቢወሰድም፣ ፍሉብሎክ የያዘው ከቫይረሱ የላይኛው ፕሮቲኖች አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። ሚኒስትሩ ይህንንስ ምን ይሉታል?

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ ነው። በዚያው ሜይ ወር የኬኔዲ መሥሪያ ቤት ሙሉ ቫይረስ በኬሚካል ገድሎ ክትባት ለመሥራት ትልቅ ፕሮጀክት አስታወቀ፤ የተመደበለትም 500 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሏል። ሙሉ ቫይረስ ገድሎ መከተብ የቆየ ዘዴ ነው፣ አልጠላውም። ግን ለመግደል መጀመሪያ አደገኛውን ቫይረስ በብዛት ማራባት የግድ ነው። ሙሉ ገጽታ ያለው ክትባት ከፈለጉ፣ የነፍሳት ቫይረስ ያንንም ይሰጣል።

በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ከተያዘች ትንኝ የተገኘውን ኢላት ቫይረስ ተመልከቱ። ትንኝ ውስጥ ይራባል፣ የሰውም ሆነ የእንስሳ ሴል ውስጥ ግን አይራባም። የቴክሳስ ተመራማሪዎች የዚህን ቫይረስ ውጫዊ አካል በቺኩንጉንያ (በትንኝ የሚተላለፍ፣ መገጣጠሚያ የሚያሳምም ቫይረስ) ውጫዊ አካል ቀየሩት። መልኩ ቺኩንጉንያ፣ ሞተሩ የትንኝ ቫይረስ ሆነ። በኬሚካል መግደል አላስፈለገም፤ ስለዚህ ቅርጹ አልተበላሸም። በ2017 ይፋ በሆነው ጥናት አንድ ክትባት ብቻ አይጦችንና ጦጣዎችን ከበሽታው ጠብቋል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ? ክትባቱ እስካሁን ገበያ ላይ የለም።

ድሬዳዋ በ2019 እ.ኤ.አ. በቺኩንጉንያ ስትታመስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መገጣጠሚያቸው ተሳስሮ ቤት ዋሉ። ያኔ በዓለም ላይ ፈቃድ ያገኘ አንድም የቺኩንጉንያ ክትባት አልነበረም። ግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚመድብ መንግሥት ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለኢላት ይስጥ። ኬኔዲም «ሠርቶ አያውቅም» ያሉበትን ማስረጃ ያውጡ፣ ከሌላቸው ደግሞ ንግግራቸውን ይሳቡ።