ድባቴ፦ ደሙም ይመርመር፣ ኑሮውም ይጠየቅ

ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) መነሻ ሲነሳ አንዱ ወገን «የኑሮ ጭንቀት ነው» ይላል፣ ሌላው «የአንጎል ኬሚካል ተዛብቶ ነው» ይላል። የትኛውም ለብቻው ሲያዝ ታማሚውን ይጎዳዋል።

የመንትዮች ጥናቶች ተጠቃለው እንዳሳዩት፣ ሰዎች ለድባቴ ባላቸው ተጋላጭነት ከሚታየው ልዩነት 37 በመቶ ያህሉ ከወላጆች በዘር ከሚወረሰው ይመነጫል። የቀረው በአብዛኛው ሰው በየግሉ ከሚገጥመው ነው፤ ሐዘን፣ ሥራ ማጣት፣ ድብደባ፣ ስደት። ይህም ቢሆን ሰውነት ውስጥ ይገባል። ጭንቀት ሲራዘም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያበዛሉ፤ እንቅልፍ፣ ምግብና ትኩረት ይታወካሉ።

ስለዚህ «ልቤን ይጫነኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል» ብሎ የመጣ ሰው፣ ሐዘኑና ድካሙ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ ይገባዋል። እንቅርት በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ታይሮይድን መዝለል ትልቅ ስህተት ነው፤ የዕጢው መዳከም ድባቴን ይመስላል። አራስ ከሆነች ከወሊድ በኋላ ሆርሞኖቿ በቀናት ውስጥ እንደሚያሽቆለቁሉ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ባሏ ይደበድባት እንደሆነ፣ የሚያርሳት ሰው እንዳላትም መጠየቅ የሕክምናው ክፍል ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው መድኃኒቱ ላይ የሚሆነው ነው። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ማታ ማታ በ25 ሚሊ ግራም ይጀመራል፣ ቀስ በቀስ ወደ 100 እና 150 ይደርሳል። ብዙ ታማሚ ግን በ25 ላይ ይቀራል፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣለት የታከመ ይመስላል፣ ድባቴው ግን እንዳለ ነው። ሌላው የድባቴ መድኃኒት ፍሉኦክሰቲን ብዙ ጊዜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው። ማቅለሽለሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ለውጡ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ይህ ያልተነገረው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ቢያቆም አይፈረድበትም። (መድኃኒቱ ሲወሰድ ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካል በሰዓታት ውስጥ እየጨመረ ስሜት በሳምንታት መሻሻሉ ራሱ «ኬሚካል ጎድሎ ነው» የሚለውን ቀላል ማብራሪያ ያናጋዋል።) ከዳነም በኋላ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት።

ከመድኃኒቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ግድ ናቸው። አንደኛው፦ ከዚህ በፊት ያለ እንቅልፍ ለቀናት ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት ተሰምቶት ያውቃል? መልሱ «አዎ» ከሆነ መድኃኒቱ ብቻውን ወደዚያ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው፦ ራስን ስለማጥፋት ያስባል? በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ካሰበ አሚትሪፕቲሊን ሲበዛ ልብን ሊያቆም ስለሚችል የወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ አይሰጠው፤ የሳምንቱን ብቻ፣ እሱም በቤተሰብ እጅ።