ፉከራ የእምነት ቃል አይደለም

ጥር ላይ መሐል ሜዳ አቅራቢያ በአንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ ነበርኩ። ምሽቱ ገፍቶ ሽለላው ሲጀመር፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው አንድ ወጣት «ዘራፍ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣና ዱላውን ወደ ላይ እየነቀነቀ፣ በዳሱ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ገዳይነቱን ቆጠረ። ልጁ ጠመንጃ ተኩሶ እንደማያውቅ በዳሱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ ውሸታም ያለው ሰው የለም፤ ለፖሊስ ልንገር ያለም የለም። ሽማግሌዎቹ ያዳመጡት የድምፁን ግርማና የግጥሙን አገጣጠም ነበር፤ ሲጨርስም መርቀው አስቀመጡት።

በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ በስልኩ የሚያዳምጠውን አሜሪካዊ ራፐር አንሥቶ «ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ ያሳሰረው እኮ ግጥሙ ነው፤ የትናንቱ ልጅ አትላንታ ቢሆን ኖሮ ይታሰር ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ያንግ ታግ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ጄፍሪ ላማር ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ ከተማ፣ አሥራ አንድ ልጆች ባሉበት ቤተሰብ ውስጥ ተወለደ። ቃላትን እየሰበረ፣ እየጎተተና እየዋጠ የሚያዜምበት ስልት ከእርሱ በኋላ በመጡ ብዙ ራፐሮች ሥራ ውስጥ በግልጽ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በድርሰት የተሳተፈበት ሥራ የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ተብሎ ሲመረጥ የግራሚ ሽልማት ተጋራ፤ በዚያው ዓመት ያወጣው አልበምም በቢልቦርድ ሰንጠረዥ የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘ። ያንግ ስቶነር ላይፍ የተባለ የሙዚቃ ኩባንያም አቋቁሞ ነበር።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የፉልተን ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ በእርሱና በሌሎች 27 ሰዎች ላይ በአንድ መዝገብ ክስ መሠረተ። የክሱ ፍሬ ነገር ኩባንያው የሙዚቃ ድርጅት ብቻ ሳይሆን የወንበዴ ቡድንም ነው፣ መሪውም ያንግ ታግ ነው የሚል ሲሆን፣ ያረፈውም ለተደራጀ ወንጀል በወጣው፣ ሪኮ በሚባለው ሕግ ላይ ነው። ይህ ሕግ ብዙ ሰዎች በተለያየ ጊዜና ቦታ ያደረጓቸውን ነገሮች በአንድ የሤራ ክር ሰፍቶ ለማቅረብ ያስችላል፤ በራሳቸው ወንጀል ያልሆኑ ድርጊቶች እንኳ ሤራውን እንዳራመዱ ተቆጥረው ሊዘረዘሩ ይችላሉ። የዘፈን ስንኞች ወደ ክስ መዝገቡ የገቡት በዚህ በር ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ እንዳለው ግጥሙ ራሱ ወንጀል ተብሎ አላሳሰረውም፤ በተከሰሰ ጊዜ ግን ግጥሙ ተነሥቶ መሰከረበት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ዳኛው ዐቃቤ ሕግ የጠቀሳቸው 17 የዘፈን ክፍሎች፣ ከክሱ ጋር ያላቸው ግንኙነት እስከታየ ድረስ፣ በማስረጃነት እንዲቀርቡ ፈቀዱ።

የእኔ ተቃውሞ እዚህ ላይ ነው። እኛ የመንዝና የተጉለት፣ የመርሐቤቴና የቡልጋ ሰዎች ፉከራ እየሰማን አድገናል። ድሮ ከዘመቻ ወይም ከአደን የተመለሰ ሰው በአለቃው ፊት ሲፎክር ግዳዩን ይጥል ነበር፤ መግደሉን የሚያሳይ ነገር ከቃሉ ጋር አብሮ ያቀርብ ነበር ማለት ነው፤ አብረውት የዋሉትም እዚያው ቆመው ይሰሙታል። ቃሉን የሚያጸናለት ግዳዩ እንጂ የአፉ ጉልበት አልነበረም። በሠርግ ዳስ የሚሰማው ደግሞ ግዳይ የሌለው ፉከራ ነው፤ በዚያ ሰዓት «እኔ» የሚለው ቃል የተናጋሪውን አባትና አያት፣ የወንዙን ልጅ ሁሉ ያጠቃልላል። የራፐሩም «እኔ» ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያየውን፣ የሰማውን፣ የፈራውንና የተመኘውን በአንድ አፍ ይናገራል፤ ገበያውም ከእርሱ የሚጠብቀው አስፈሪ መስሎ እንዲታይ ነው።

ስንኝ በችሎት ፈጽሞ አይነበብ አልልም። አንድ ሰው ከገዳዩና ከመርማሪው በቀር ማንም ሊያውቀው የማይችለውን ቦታ፣ ሰዓትና መሣሪያ በግጥሙ ቢጠቅስ፣ ይህ ግዳይ የተጣለበት ፉከራ ነውና ሊጠየቅበት ይገባል። ከዚያ በመለስ ያለው ግን የሚፈርዱት ሰዎች ተከሳሹን አስቀድመው እንዲፈሩት ከማድረግ በስተቀር የሚያስረዳው ነገር የለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣችው ሕግ ከዚህ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል፤ የጥበብ ሥራ በማስረጃነት ሲቀርብ ዳኛው የማስረዳት አቅሙን፣ በተከሳሹ ላይ ከሚያሳድረው ጭፍን ጥላቻ ጋር እንዲመዝን ያዝዛል።

ይህን ስል ሙታኑን አልረሳሁም። በመዝገቡ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 አትላንታ ውስጥ በጥይት የተገደለ ሰው አለ። ያንግ ታግም ቢሆን ንጹሕ ነኝ ብሎ አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2024 ከወንበዴ ቡድን፣ ከአደንዛዥ ዕፅና ከጦር መሣሪያ ጋር በተያያዙ ክሶች ጥፋተኛነቱን አምኗል፤ በዋናው የሤራ ክስ ላይ ደግሞ አልከራከርም ብሏል። ሙዚቃውን የምንወድ ሰዎች ይህን ልንሸፋፍን አይገባንም፤ ለወጣቶቻችንም በግፍ የታሰረ ሰማዕት አድርገን ብናቀርበው እናሳስታቸዋለን።

ክርክሩ በጆርጂያ ታሪክ ረጅሙ የወንጀል ክርክር ሆኖ ተመዝግቧል። ከሕዝብ የሚውጣጡትን ፈራጆች መምረጥ ብቻ አሥር ወር ገደማ ፈጀ፤ የመጀመሪያው ዳኛ ከመዝገቡ ተነሡ፤ ያንግ ታግ ዋስትና ተከልክሎ ከ900 ቀናት በላይ ታሰረ። እስከ መጨረሻው ተከራክረው የቆዩት ሁለት ተከሳሾች ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከግድያውም ከሤራውም ክስ ነጻ ወጡ፤ ጥፋተኛ የተባለው አንደኛው ብቻ፣ እርሱም በጦር መሣሪያ መያዝ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ያ ሁሉ ፉከራ ተቆጥሮ ግዳዩ አልተገኘም፤ የሟቹም ደም ከዚያ ሸንጎ ተጠያቂ ሳያገኝ ቀረ።

ዳኛዋ ፔጅ ሪስ ዊታከር ያንግ ታግን የታሰረበትን ጊዜ በቅጣትነት ቆጥረው፣ የ15 ዓመት ገደብ ጨምረው ለቀቁት። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከአትላንታና ከአካባቢዋ እንዲርቅ፣ ነገር ግን በዓመት አራት ጊዜ ተመልሶ ስለ ወንበዴ ቡድንና ስለ ጦር መሣሪያ አደጋ ለልጆች እንዲናገር አዘዙ። በእኛም አገር ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች የበዳዩን ወገን ለጊዜው ከቀዬው ያርቃሉና ርቀቱ አልገረመኝም፤ አሥር ዓመት ግን በዝቶብኛል። ተመልሶ ይናገር የሚለውን ትእዛዝ በዚያ ሁሉ የክስ መዝገብ ውስጥ ካየሁት ሁሉ አስተዋይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሰውየው በቃሉ ሰው እንደሚስብ አምኖ፣ ያንኑ ቃል ለሰፈሩ ልጆች እንዲያውለው ይጠይቀዋልና።

ይህንን ለእህቴ ልጅ ስነግረው «ልጆቹ ታዲያ ዘፈኑን ትተው ንግግሩን ያምኑታል?» አለኝ። ንግግሩ ከልቡ ይሁን አይሁን የሚለዩት ከእርሱ ጋር ያደጉት የዚያ ሰፈር ሰዎች ናቸው አልኩት፤ የመሐል ሜዳው ልጅ ተኩሶ እንደማያውቅ በዳሱ የነበርነው ሁላችን እንዳወቅነው።