የመፍቻ ሣጥን ለቆራሌ

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ ያየሁት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን ሙሉ በናፍጣ ዕቃ እያጠብሁ፣ የወደቀ ብሎን እየለቀምሁ ሙያ የቀመስሁት አንድ ባለ ጋራዥ ዘንድ ነበር። ዛሬ 80 ዓመት ሊሞላቸው ነው። አራዳ አጠገብ ከቤታቸው ደጃፍ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ እጃቸውን ስይዝ ደነገጥሁ። ያ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክር የነበረው መዳፍ ለስልሷል።

«ጋሼ፣ መፍቻዎችዎስ የት አሉ?» አልኋቸው።

አልመለሱልኝም፤ በአገጫቸው ወደ መንገዱ አመለከቱኝ። በኋላ ከልጃቸው እንደ ሰማሁት ሣጥኑን እንዳለ ለቆራሌ ሸጠውታል። ከ40 ዓመት በላይ አንድ በአንድ የተሰበሰበ መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ እሳቸው ራሳቸው ከአሮጌ ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሠሩት መንቀያ ሁሉ በኪሎ ተመዝኖ ሄደ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። አባታቸውን ይወዳሉ፤ ያበላሉ፣ ያለብሳሉ፣ ያሳክማሉ። «አባባ ከእንግዲህ ይረፍልን፤ በዚህ ዕድሜው ዘይት ተቀብቶ ቢታይ ሰው ምን ይለናል» ነው ያሉኝ። እኔን ያቃጠለኝም ይኸው ነው። በጠላትነት ቢያደርጉት እቆጣቸው ነበር፤ በፍቅር ሲያደርጉት ምን ይባላል?

እኔም ለቤተሰቤ የምሥራች ይዤ ነበር የሄድሁት። ጀርመን አገር 31 ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ በ66 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ነዳሁ እንጂ አልጠገንሁም፤ በምሠራበት ድርጅት ሾፌር የሞተር ክዳን እንዲከፍት አይፈቀድለትም ነበር። 31 ዓመት ሙሉ እጄ ብረት ናፍቆት ኖረ። ስለዚህ ጡረታ ስወጣ አንድ አሮጌ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ገዝቼ፣ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ እንደገና ገጥሜ መንገድ ላይ ለማውጣት ወሰንሁ። ይህን በደስታ ስነግራቸው ቤቱ ፀጥ አለ። እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ሞተር? ሞተር ማለት እኮ ሞት ነው! ሰው በዚህ ዕድሜው መቋሚያ ይይዛል እንጂ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዋጋውን ጠየቀና ወዲያው በልስን አሰላው። እዚያው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የማሠራው ቤት ልስን ይጠብቃል ማለቱ ነው።

እኔ የምኖርበት ሰፈር ደግሞ አንድ ጎረቤት አለኝ። 78 ዓመቱ ነው፤ የባቡር ሠራተኛ ነበረ። ዘወትር ጠዋት ጋራዡን ከፍቶ ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማያንስ ሞተር ብስክሌት ይፈታል፤ ይገጥማል። 75 ዓመት ሲሞላው ልጆቹ ተሰብስበው መጡና ስጦታ ሰጡት። ስጦታው ምን መሰላችሁ? የብሎን ጥብቀት የሚለካ መፍቻ! አንዱ ልጅ አባቱን አቅፎ፣ የድሮው መለኪያው መሳሳት ስለ ጀመረ አዲስ እንደገዙለት ነገረው። እኔ በዚያ ድግስ ላይ ነበርሁ። ያን ጊዜ ብዙም ልብ አላልሁትም፤ አራዳ ላይ ያን ባዶ ደጃፍ ካየሁ በኋላ ግን ያ መፍቻ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

የጀርመኖች መንግሥትም ቢሆን ለአሮጌ ብረት ክብር አለው። አንድ ተሽከርካሪ 30 ዓመት ከሞላው፣ ጤንነቱ ከተመሰከረለትና እንደ ቀድሞው ሆኖ ከተጠበቀ፣ በሰሌዳው ቁጥር መጨረሻ ላይ «ሃ» የምትባል ፊደል ትጨመርለታለች። ሕጉ እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ የሚጠራው ባህላዊ ቅርስ ብሎ ነው። እኛ ቅርስ ስንል ፋሲል ግቢን ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ነው። ይገባቸዋል። ነገር ግን ጋሼ ሙያ የጀመሩት፣ ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ትቶት በሄደው ትሬንታ ኳትሮ በሚባል የጭነት መኪና ላይ ነበር። ኋላም ኤንትሬ የሚባለውን ከባድ መኪና ሁሉ በእጃቸው አሳልፈዋል። ሊማሊሞን ወርዶ ወጥቶ ፍሬኑ የተቃጠለ የጭነት መኪና እሳቸው ደጅ ቆሞ አድሮ፣ በማግስቱ ድኖ ይሄድ ነበር። መለዋወጫ የለም፤ መጽሐፍ የለም፤ ያለው ጆሮና እጅ ነው። ያን እጅ ነው እንግዲህ ጋቢ ውስጥ የሸሸግነው።

ወደ ምርጫዬ ልመለስ፤ ስድስት ወር ፈጅቶብኛልና። መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ነበር። ይህ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1974 ኮሎኝ ከተማ በተደረገ ትርኢት ላይ ነው፤ እኛ አገር ንጉሡ በወረዱ በወሩ መሆኑ ነው። አራት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ለረጅም ጉዞ የተፈጠረ። እኔ ያየሁት ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራውን ባለ 1200 ሲሲ ነበር፤ ከመከለያውና ከሣጥኖቹ ጋር ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ቢጋደምብኝ ማን ያነሣልኛል? በዚያ ላይ መብራት የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ ከሞተሩ ጀርባ የተቀበረ ነው፤ ከተቃጠለ ሞተሩን እንዳለ ከሻንሲው ማውረድ ግድ ይሆናል። ይህ ለወጣት ወገብ እንጂ ለእኔ አይሆንም አልሁ።

ቀጥሎ ያው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ያወጣውን ፓን ዩሮፒያን አየሁ። መቼም ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ሰንሰለት የለውም፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ነው፤ ታንከሩ 28 ሊትር ይይዛል። ነገር ግን አራቱን ካርቡራተሮች ለማግኘት ፕላስቲኩን ልብስ በልብስ መግፈፍ ያስፈልጋል። ለመንዳት ግሩም ነው፤ ለመፍታት ግን አይመችም። እኔ የምፈልገው ደግሞ መፍታቱን ነው። ነዳጁ በኮምፒውተር የሚረጭለትን የቢ ኤም ደብልዩ ኬ 100ንም አልፌዋለሁ፤ ሽቦ መፈተሽ ሙያዬ አይደለም።

በመጨረሻ ያረፍሁት እ.ኤ.አ. በ1986 በተሠራ ቢ ኤም ደብልዩ አር 80 አርቲ ላይ ነው። 50 የፈረስ ጉልበት፣ ወደ 230 ኪሎ ክብደት። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ እንደ በሬ ቀንድ ወጥተዋል፤ የሚያቀዘቅዛቸው ነፋስ ብቻ ነው፤ ራዲያተር የለም። ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ሦስት ዳዶ ፈትቼ ክዳኑን ሳነሣ ቫልቮቹ ፊቴ ላይ ናቸው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ለማስገቢያው ቫልቭ 0.10፣ ለማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ክፍተት መስጠት ብቻ ነው። የዚህ ሞተር ወገን ምርት እ.ኤ.አ. በ1996 ቢያበቃም መለዋወጫው ዛሬም ከአምራቹ ይታዘዛል። ጉልበቱ ከሌሎቹ ያንሳል፤ ነገር ግን ሁሉም ነገሩ ለእጅ ቅርብ ነው። ለጡረተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ይመረጣል?

አሮጌ ሞተር ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ ይህን አትርሱ። ልትገዙት የሄዳችሁበትን ሞተር መጀመሪያ በእጃችሁ ንኩት። ሲሊንደሩ ትኩስ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ በሽታውን ይደብቃል። እኔ ያየሁት አንድ ሻጭ እንዲያ አድርጎ ጠብቆኝ ነበር፤ ሻይ ጠጥቼ፣ አመስግኜ ተመለስሁ። ታንከሩን ከፍታችሁ በባትሪ መብራት ዝገት ፈልጉ። የጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 2309 ቢል እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋልና አትመኑት። የፍሬኑን ቱቦ እጠፉት፤ ከተሰነጣጠቀ ዋጋውን አስቀንሱ።

ይህን ሁሉ ጀርመን አገር የተማርሁት እንዳይመስላችሁ። የጎማዋን ቁጥር ትቼ ሌላው ሁሉ የጋሼ ትምህርት ነው። «መኪና ልታይ ስትሄድ ማለዳ ሂድ፤ ባለቤቱ ሳይቀድምህ» ይሉኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ የሚሉትን ቃላት አፌ ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ሰው አገር በገዛ ገንዘቤ ስመርጥ የመረጥሁት በእሳቸው ዓይን ነው። እና ይህን ዓይን የሰጡኝ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባጃጅ ሲያልፍ ይቆጥራሉ። በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ካርቡራተር ማስተካከል ያቃተው የባጃጅ ልጅ ሞተሩን እያስጮኸ ነዳጁን በጭስ ያባክናል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አሥር እርምጃ አይሞላም!

«ጡረታ» የሚለው ቃላችን ከመጦር የመጣ ነው፤ ልጅ ወላጁን መጦሩ። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ብለን እንመርቃለን። ጀርመኖች ደግሞ ጡረታን «ሩኸሽታንድ» ይሉታል፤ የዕረፍት ዘመን እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ቃላቸው ዕረፍት የሆነው አያርፉም፤ የእኛ ቃል ዕረፍትን ሳይጠራ እኛ ሰውን በግድ እናሳርፋለን። የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ይሰናበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀሩለት ዕድር፣ ለቅሶና ቅዳሴ ናቸው። እነዚህን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ጎረቤቴ ጀርመናዊው እሑድን ብቻውን ይበላል፤ ጋሼ ብቻቸውን በልተው አያውቁም፤ ይህን አልክድም። ግን ሰው እየተጦረስ መፍቻ መያዝ አይችልም?

እኔ በራሴ ቤት ያየሁትም ይኸው ነው። የማራኪውን ቤት ሳሠራ ከታች አንዱን ክፍል ባዶ ያስተውሁት ለዕቃ መፍቻ ብዬ ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መያዣ፣ ጋሼ የሚቀመጡበት አንድ ወንበር። ስደርስ ሱቅ ተከራይቶበታል። ሳልጠየቅ! 29 ዓመት ገንዘብ እየላክሁ፣ አንድ ቀን «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ያለኝ የለም። «ኪራዩ ለአንተው ነው» ይሉኛል። ኪራይ አልፈለግሁም። ክፍሉን ነው የፈለግሁት። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ይከፋው ይሆናል፤ ፊት ለፊት ብነግረው አልሰማኝም።

ሚያዝያ ላይ ሞተሩን ገጥሜ ጨርሼ አስነሣሁት። ተነሣ፤ ግን በዝግታ ሲሠራ ይንዘፈዘፋል። ሁለት ቀን ደከምሁበት። በሦስተኛው ቀን የጋሼን የልጅ ልጅ በስልክ አግኝቼ ቪዲዮውን ላክሁለትና ለአያቱ አሰማ አልሁት። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው መጣ።

«እንደገና አሰማኝ፤ አንተ ግን አትናገር።»

እንደገና ላክሁላቸው።

«ቀኙ ይቀድማል፤ ግራው ይጎተታል። ካርቡራተሮቹን ከመነካካትህ በፊት ቫልቩን ለካ። ከዚያ ሁለቱን ካንዴላ አውጥተህ ጎን ለጎን አሳየኝ።»

ቫልቩ ደህና ነበር። የቀኙ ካንዴላ ቡና ዓይነት፣ የግራው ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ፎቶውን ሲያዩ አፍታም አልቆዩ፤ «ነዳጅ በዝቶበታል። የግራው የቾክ ገመድ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም፤ ሂድና እየው» አሉኝ። ሄድሁ። ገመዱ መታጠፊያው ላይ ተይዞ፣ ለማስነሻ ነዳጅ የሚያበዛው ቾክ ግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል። አላቅቄ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ካንዴላውን ጠርጌ ብመልሰው ሞተሩ አደብ ገዛ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አጨበጨበና የማነጋግረው መካኒክ የት ከተማ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጎንደር አልሁት። ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠየቀኝ። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም።

አሁን ለመስከረም ትኬት ቆርጫለሁ። ሻንጣ የሚፈቀድልኝ 23 ኪሎ ነው፤ ሙሉ የመፍቻ ስብስብ ገዝቼ ብመዝነው 14 ኪሎ ሆነ። እታለም ያዘዘችው ጫማና የወንድሜ ልጆች ልብስ በሌላ ጊዜ ይደርሳል፤ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። የጋሼ ታላቅ ልጅ ወሬውን ሰምቶ ደወለልኝ። «እባክዎ አባባን ሥራ አያስጀምሩብን» አለኝ፤ ድምፁ የሚለምን ነበር። ሥራ እንዳልሆነ፣ ገንዘብ እንዳልሆነ ላስረዳው ሞከርሁ። «እስቲ እናያለን» ብሎ ዘጋው።

በዚያው ማታ የጋሼ መልእክት መጣ። በልጅ ልጃቸው ስልክ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የቀዱት። «የቫልቭ ክፍተት መለኪያ ካለ እሱን አምጣልኝ። ሣጥኑ የሄደ ዕለት የራሴን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አስቀርቻታለሁ፤ ግን ስሶቹ ምላሶች ዝገውብኛል።»