መኪናው ሄዶ ዕዳው ሲቀር

እ.ኤ.አ. በ2021 የጭነት ሥራ አሜሪካ ውስጥ ሲጦፍ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲውን፣ ፓርኪንጉን፣ ኡበሩን እየተዉ ወደ ከባድ መኪና ገቡ። ያገለገለ መኪና ሳይቀር ከዚያ በፊት ባልታየ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ቅድሚያ ክፍያው ከዕቁብ ወጣ፤ የቀረው ከአበዳሪ መጣ። በ2022 ግን የጭነት ዋጋ መውረድ ጀመረ። ናፍጣ በሰኔ ወር በጋሎን ከ5 ዶላር በላይ ነበር፣ ወለድ ጨመረ፣ መኪናው ራሱም ከተገዛበት ዋጋ በብዙ ረከሰ። የዚያን ጊዜ ዕዳ ዛሬም ተሸክመው የሚኖሩ ሰዎች በየከተማው አሉ። ብዙዎቹ ለሰው አይናገሩም።

ወርሃዊው ክፍያ ሲቋረጥ አበዳሪው መኪናውን ይወስድና በሐራጅ ይሸጣል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ልዩነቱን ከሐራጁ ወጪ ጋር ከባለዕዳው ይጠይቃል። «ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ስላለኝ እኔን አይነካኝም» ብሎ የሚጽናና ሰው ብዙ ነው። አዲስ ለተከፈተ ኤልኤልሲ ግን ያለ ባለቤቱ የግል ዋስትና የሚያበድር ማግኘት ከባድ ነው፤ ከፈረምነው የወረቀት ክምር ውስጥ አንዷ ገጽ ደሞዛችንንና የባንክ ሒሳባችንን ለዕዳው አጋልጣ ሰጥታለች። በኮቪድ ጊዜ ከኤስቢኤ (ከመንግሥቱ የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር) የተወሰደው የ30 ዓመት ብድርም እንዲሁ ነው። ኩባንያ ሳያቋቁም በራሱ ስም የሠራ ሰው ዕዳው የራሱ ነው፤ በኩባንያ ስም የወሰደም ከ200 ሺህ ዶላር ካለፈ በግል ዋስትና ፈርሟል።

እዚህ ለደረሰ ሰው ሕጉ ያዘጋጀለት መውጫ ባንክራፕሲ፣ ማለትም በፍርድ ቤት የሚጠየቅ ኪሳራ፣ ነው። ወገኖቻችን ግን በይሉኝታ ታስረው በጣም ዘግይተው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ጉዳቱንም የሚያከፋው ይህ መዘግየት ነው።

ሰውየው «ስሜ ከሚጠፋ» ብሎ ሲታገል የሚሆነውን እንከተል። መጀመሪያ የጡረታ ገንዘቡን፣ 401ኬውን ያወጣል። ይህ ገንዘብ በባንክራፕሲ ጊዜ ከአበዳሪ የተጠበቀ ነበር፤ ማንም አይነካበትም ነበር። ዕድሜው 59 ዓመት ከመንፈቅ ካልሞላ ደግሞ በአብዛኛው ከገቢ ግብሩ በላይ 10 በመቶ ቅጣት አለበት። ቀጥሎ የመኪናውን ክፍያ በክሬዲት ካርድ ይሸፍናል። ከዚያ ከእህቱ፣ ከአብሮ አደጉ ይበደራል። ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝም ባንኩን ትቶ የእህቱን ይከፍላል። በእኛ ዘንድ ይህ ጨዋነት ነው፤ እኔም የምንኮራበት ባሕርይ ይመስለኛል። ሕጉ ግን ባንክራፕሲ ከመግባቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ለቤተሰብ የተከፈለን ዕዳ ለይቶ ያየዋል። ጉዳዩን የሚይዘው ትረስቲ (ባለአደራ) ያንን ገንዘብ ከእህቱ ጠይቆ ለአበዳሪዎች ሁሉ ሊያከፋፍለው ይችላል። ሰውየው ሊያድናት የፈለጋት እህት በደብዳቤ ትጠየቃለች። ከሁሉ የሚከፋው ቤቱን ወይም መኪናውን በዘመድ ስም ማዞር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሆነ በፌዴራል ሕግ ሊመለስ ይችላል፤ የክፍለ ሀገራቱ ሕግ ከዚያም ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ለመደበቅ ታስቦ ከሆነም ሰውየው የዕዳ ስረዛውን ሊያጣ ይችላል።

ይሉኝታው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ አልንቀውም። በድሮው አገራችን ባለዕዳና አበዳሪ በቁራኛ ታስረው አብረው ውለው አብረው ያድሩ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ኪሳራን ያዘጋጁት ለነጋዴ ነው፤ ደሞዝተኛ ግለሰብ ከዕዳው በሕግ ነጻ የሚወጣበት ልማድ ይዘን አልመጣንም። ለእኛ ዕዳ ወይ ይከፈላል ወይ ይወረሳል። አሜሪካኖቹ ግን የፌዴራል የኪሳራ ሕግን ሥልጣን በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ጽፈው ለኮንግረስ ሰጥተዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም እ.ኤ.አ. በ1934 የሕጉ ዓላማ ሐቀኛ ሆኖ ዕድል የጎደለውን ባለዕዳ ከቀድሞ ዕዳው ጫና አላቆ አዲስ ዕድል መስጠት እንደሆነ ወስኗል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ወገኖቼም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15ን ያስታውሱ። በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲቀር ያዘዘው እግዚአብሔር ነው፤ ሰባተኛው ዓመት ቀርቧል ብለህ ለድሃ ከማበደር እጅህን አትሰብስብ ብሎ ያስጠነቀቀው ደግሞ አበዳሪውን ነው።

የባንክራፕሲ ሁለቱ የተለመዱ መንገዶች ቻፕተር ሰቨንና ቻፕተር ሰርቲን ናቸው። በሰቨን ሕጉ ከሚጠብቀው በላይ ያለ ንብረት ካለ ይሸጣል፤ ብዙ ሰው ግን የሚሸጥ ነገር አይኖረውም። የፍርድ ቤቱ ክፍያ 338 ዶላር ነው፣ ዕዳውም አብዛኛውን ጊዜ በአራት ወር ገደማ ይሰረዛል። በሰርቲን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ ከገቢ ላይ ይከፈላል፤ የቤት ክፍያ የተጓተተበትና ቤቱን ማዳን የሚፈልግ ሰው ይህን ይመርጣል። በሁለቱም ማመልከቻው ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ የአበዳሪ ስልክ፣ ክስ፣ የደሞዝ ቆረጣ በአብዛኛው ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ሰቨን ለመግባት ገቢ ይመዘናል። ዕዳው በአብዛኛው የንግድ ከሆነ ግን ይህ ሚዛን አይመለከተውም። የከባድ መኪና ባለቤቶች ይህን ነገር ለጠበቃቸው ማንሳት አለባቸው፤ «ገቢህ ብዙ ነው፣ አይሆንም» ተብለው ከደጅ እንዳይመለሱ።

ያለህን ሁሉ መናገር ግን ግዴታ ነው። ሕጉ «ንብረት» ሲል የትም ያለውን ሁሉ ነው። በአዲስ አበባ የተሠራው ቤት፣ በባሕር ዳር የተገዛው ቦታ፣ ከወንድም ጋር የተያዘው የጋራ መኖሪያ ቤት ሁሉ ይመዘገባል። «እዚያ ያለውን ማን ያያል?» የሚለው ምክር በቡና ጠረጴዛ ዙሪያ በቀላሉ ይሰጣል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ፈራሚው ነው። ፎርሙ የሚፈረመው በሐሰት መማል የሚያስከትለውን ቅጣት በማወቅ ነው፤ ንብረት መደበቅ እስከ አምስት ዓመት እስር ያስቀጣል። ዕቁብም አይቀርም። ዕጣ ያልወጣለት ሰው የሚጠብቀው ገንዘብ ንብረቱ ነው፤ ዕቁቡን በልቶ መዋጮ የቀረበት ደግሞ ባለዕዳ ነው፣ ዕቁቡም ከአበዳሪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ይህን ስጽፍ የሚከፋቸው እንዳሉ አውቃለሁ። የተሰረዘን ዕዳ ማንም አስገድዶ አይጠይቅም፤ ኋላ ሰው ሲያገግም በፈቃዱ ለዕቁበኞቹ ቢከፍል ግን የሚከለክለው ሕግ የለም። ከወዳጅ ጋር የሚታረቁበት በር ክፍት ነው።

ዋስ የሆነውን ሰው ግን ሕጉ እንደ ባለዕዳው አያድነውም። በሰቨን የአንተ ዕዳ ሲሰረዝ ኮሳይን ያደረገልህ አጎትህ ላይ ዕዳው እንዳለ ይቀመጣል። ሰርቲን ለግል ፍጆታ የተወሰደን ዕዳ የፈረመን ዋስ በዕቅዱ ዘመን በተወሰነ ደረጃ ይከልላል፤ የንግድ ብድር ዋስን ግን አይከልልም። ስለዚህ አጎትህ ከአንተ አፍ ይስማ፤ ከሰብሳቢ ኩባንያ ስልክ አይስማ።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ትረስቲው የሚጠይቅበት ስብሰባ አለ። ዳኛ አይቀመጥበትም፣ አሁን በአብዛኛው በቪዲዮ ነው፣ ብዙ ጊዜም ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው መንግሥት ያለ ክፍያ በስልክ አስተርጓሚ ያቀርብለታል፤ ልጆቻችሁን ለዚህ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ለዜግነት ያመለከታችሁም አትስጉ፤ ባንክራፕሲ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ዜግነትም አያስከለክልም። የማይሰረዙ ዕዳዎችም አሉ፦ የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ዓመታት ግብር፣ ከከባድ ችግር ማስረጃ በቀር የትምህርት ብድር።

«ክሬዲቴ (የብድር ታሪኬ) ይበላሻል» የሚለውን ፍርሃት በግልጽ እንነጋገርበት። መኪናው ተወስዶበት፣ ሦስት ካርድ ተዘግቶበት፣ ክስ ተመሥርቶበት ያለ ሰው ክሬዲቱ ተበላሽቷል። ቻፕተር ሰቨን ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት በሪፖርቱ ላይ ይቆያል፤ ይህ እውነት ነው። የክሬዲት ውጤቱ ግን 10 ዓመት ሙሉ ወድቆ አይቆይም። ይህን ውጤት በሚያወጣው በፊኮ ስሌት 35 በመቶ የሚይዘው በወቅቱ የመክፈል ታሪክ ነው፣ 30 በመቶው ያለብህ ዕዳ መጠን ነው። ሁለቱንም ከስረዛው ማግስት ጀምሮ እንደ አዲስ መገንባት ይቻላል። በመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የኤፍኤችኤ የቤት ብድር ከሰቨን ስረዛ ሁለት ዓመት በኋላ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለተለመደው ብድር አራት ዓመት ይጠበቃል። ቤት የመግዛት ሕልም ለዘላለም ተዘጋ ብለው ያዘኑ ባለትዳሮች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ከአበዳሪ ጋር እየተናነቁ ዓመታት ባላባከኑ ነበር።

አጀማመሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ከሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች፣ ከኢኩፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ ሪፖርትህን በነጻ ታወጣለህ፤ አሁን በየሳምንቱ ማየት ይቻላል። የተሰረዘ ዕዳ ሁሉ ቀሪው ዜሮ ተብሎ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ በጽሑፍ ትቃወማለህ፤ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት ግዴታው ነው። ቀጥሎ 200 ወይም 300 ዶላር መያዣ አስቀምጠህ ካርድ ታወጣለህ፣ ጥቂት ብቻ ትገዛበታለህ፣ በየወሩ ሙሉውን ትከፍላለህ። «ክሬዲትህን በአንድ ወር እናጸዳለን» የሚል ቢመጣ፣ የአገርህ ልጅ ቢሆንም፣ ቀድመህ አትክፈል። የክሬዲት ጠጋኝ ኩባንያ ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክላል፤ እውነተኛ የሆነን መረጃም ማንም ሊያስፋቀው አይችልም።

እዚህ ላይ ለዕቁብ ዳኞችና ጸሐፊዎች የምለው አለኝ። አንድ ሰው ለዓመታት በየወሩ አንድ ሺህ ዶላር ሳያጓድል ለዕቁብ ከፍሎ የክሬዲት ድርጅቶቹ ስለ እሱ ምንም አያውቁም። ሚሽን አሴት ፈንድ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ድርጅት ከእኛ ዕቁብ ጋር የሚመሳሰለውን የስደተኞች የገንዘብ ክበብ መዝግቦ፣ ያለ ወለድ፣ ክፍያውን ለክሬዲት ድርጅቶች ያስተላልፋል። የካሊፎርኒያ ሕግም እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ዓይነቱ አነስተኛ ብድር ቦታ ሰጥቷል። የእኛ ማኅበራት በአርሊንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአትላንታ፣ በሲያትል ይህን የማይጀምሩበት ምክንያት አይታየኝም። አሥር ሰው ያለበት፣ በወር 50 ወይም 100 ዶላር የሚጣልበት፣ ከባንክራፕሲ ለወጡ ሰዎች ተብሎ የተለየ ዕቁብ አንድ ማኅበር ቢጀምር፣ መዝጋቢና አስተላላፊ የሚሆን ፈቃድ ያለው ድርጅት ከጎኑ ቢያቆም ይበቃል። ዋስ አያስፈልገውም፤ መዋጮው ትንሽ ነው። ጸሐፊዎቹ የሂሳብ መዝገብ መያዙን ከማንም በላይ ያውቁበታል።