ፈረቃ የማይፈታው ፉገራ

የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ድሮ ለሁለት ነገር ይበቃ ነበር፤ ለብርዱም ለፉገራውም። ሙድ ሲያዝበት የዋለ ልጅ ደወል ሲደወል ቤቱ ይገባል፣ ይከናነባል፣ አለቀ። እስከ ማግስቱ ማንም አያገኘውም። ይህን ሁሉ ሰዓት ማባከን! ዕድሜ ይስጣቸውና ልጆቻችን ክፍተቱን ደፍነውታል።

ትጋታቸውን እስቲ ተመልከቱልኝ። አንድ ልጅ ከመንዝ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን እየበላ ዘጠነኛ ክፍል ይማራል። ሰኞ ጠዋት መምህሩ ሲጠይቁት ይመልሳል፤ አነጋገሩ ያስቃቸዋል። በእረፍት ቅጽል ስም ይወጣለታል። ምሳ ሰዓት ላይ ጫማው ፎቶ ይነሳል። ማታ ጫማው የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስቲከር ሆኖ ይመጣል። ግሩፑ የተከፈተው ለቤት ሥራ ነው፤ አድሚኑም የክፍሉ አለቃ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ልጁ በሩን ሳያልፍ፣ አይቷቸው የማያውቃቸው የአስራ አንደኛ ክፍል ልጆች በአዲሱ ስሙ ይጠሩታል። ግቢው ጥሬ ዕቃ ያቀርባል፣ ስልኩ አምርቶ ለግቢው ይመልሳል። የትኛው ፋብሪካችን ነው እንዲህ ያለ ማቋረጥ የሚሠራ?

ዳን ኦልዌየስ የሚባል ተመራማሪ ኖርዌይ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲያጠና ኖሯል። በስልክ የሚንገላታው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊትም የሚንገላታው ያው ልጅ ነው ይል ነበር። ምን አደከመው? እኛ ዘንድ ሰኞ መጥቶ ማክሰኞ በተመለሰ ነበር።

ትልቁ ምስጋና ግን ለእኛ ለአዋቂዎቹ ይገባል። ትምህርት ቤቱ «ከግቢ ውጭ የተደረገ ነው» ይላል። ወላጅ «የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው» ይላል። ስልኩን የገዛነው እኛ ብንሆንም መቼም ካርድ ከመሙላት አልፈን አንገባም። አከራይዋም «ንቃቸው የኔ ልጅ» ብለው ይመክሩታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ መልእክት እየደጋገመ በመላክ ሰውን የሚያስፈራራና የሚያስጨንቅ ይታሰራል ይላል። እሱ ቀልድ አይገባውም። ልጆች እኮ ናቸው፣ እየተጫወቱ ነው!

ልጁም ተሻሽሏል። እጁን ማውጣት ትቷል፤ ሲጠየቅም አንገቱን ይደፋል። ማታ ብርድ ልብሱ ውስጥ ስልኩ እየበራ እየጠፋ ያመሻል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ካርዱን ሲቀበል ጸባይ በሚለው ቦታ «ኤ» ተሰጥቶታል። ከጎኑም በመምህሩ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፦ «ጭምት ልጅ ነው፤ በዚሁ ይቀጥል።»