በዓመት 2 ጊዜ ጥርስ ማሳጠብ ለሁሉም አይበቃም
እዚህ የወጣው ጽሑፍ «በዓመት 2 ጊዜ ጥርስ ማሳጠብ ለማንም ይበቃል» ይላል። ድዱ ጤነኛ ለሆነ ሰው፣ እሺ። እናቴ ግን በየ6 ወሩ እያሳጠበች ድዷ መድማቱን አላቆመም። በኋላ አንዲት ሐኪም በቀጭን መለኪያ በጥርሷና በድዷ መካከል ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ ለካችው። በጤነኛ ድድ ክፍተቱ እስከ 3 ሚሊሜትር ነው፤ የእሷ 5 እና 6 ወጣ! ተራው እጥበት እዚያ ድረስ አይወርድም። በማደንዘዣ፣ በ2 ቀጠሮ፣ ከድዱ በታች እስከ ጥርሱ ሥር ተጠረገላት። አሁን በየ3 ወሩ ትታያለች፤ ብሩሿ ላይ ደም የለም። እባካችሁ ከማሳጠባችሁ በፊት ድዳችሁን አስለኩ። ከላይ በአስተያየትሽ «እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል» ያልሽው እህቴ፣ የሚያነቃንቀው አጥንቱን የበላው የድድ በሽታ ነው። ጥርሱ ላይ ተጋግሮ የደረቀው ቆሻሻ (የጥርስ ድንጋይ) ደግፎት ስለቆየ፣ ሲነሳ ነው መላላቱ የሚታወቀው።