ሳክስፎን ክብሪት አይደለም

ስለ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች ክርክሩ በሞቀ ቁጥር ጣቱን ወደ ሙዚቃ የሚቀስር አይጠፋም። ጣይቱ ሆቴል ጃዝ አምባ የተባለውን የሙዚቃ ክበብ ባያስገባ ኖሮ የጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ባልደረሰበት ነበር የሚለው አስተያየት ሰሞኑን እንደገና ተሰማ። መፍትሔውም አብሮ መጣ፤ በቅርስ ቤት ባንድ አይግባ። ጉድ ነው! ሳክስፎን ክብሪት ሆኖ አረፈው።

ነገሩን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ገመዱ ነው። በአሮጌ ቤት የተዘረጋው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ለአምፖል የታሰበ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ነው፤ ልኩም 10 አምፔር ብሬከር፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ። ሞንታርቦው፣ አምፕሊፋየሩ፣ የመድረኩ መብራትና የባሩ ፍሪጅ ተደምረው 4 ኪሎ ዋት ከደረሱ በ220 ቮልት 18 አምፔር ይስባሉ። ብሬከሩ ይወርዳል። ደግ አደረገ፣ ሥራው ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ገመዱን በመቀየር ፈንታ ብሬከሩን በባለ 25 አምፔር ሲተኩት ነው። ያኔ የሚግለው ገመዱ ይሆናል፣ ያውም ከጣውላው ጀርባ ተደብቆ። የላላ መጋጠሚያማ ይብሳል፤ ጭነቱ ሳይበዛ ይግላል፣ ብሬከርም አያውቀውም። ለመድረኩ ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ መዘርጋት፣ ኤርዝ (የመሬት ሽቦ) ማሰር፣ በየዓመቱ የመጋጠሚያውን ብሎን ማጥበቅ፤ ይኸው ነው። ሁለት ባለ 2 ኪሎ ዋት የውሃ ማሞቂያ ያንኑ ያህል ይስባል። ሻወር ይከልከል ያለ ግን አልሰማንም።

ሆቴል ማደሪያ ነው የሚሉትስ? ራስ ባንድ ስሙን ከየት አመጣው? አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ በሂልተን አልነበሩም እንዴ? የሙዚቃ መሣሪያ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በቴአትር ቤት እጅ በነበረበት ዘመን የግል ባንድ እግሩን የተከለው በሆቴል አዳራሽ ነው። በደርግ ሰዓት እላፊም በር ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ሙዚቃውን ከሆቴሉ ታሪክ ነጥሎ ማውጣት ከወጥ ላይ ጨው እንደ መልቀም ነው።

የጎረቤት እንቅልፍ? እሱ እውነት ነው፤ ቤዝ በመጋረጃ አይቆምም፣ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። ስፒከሩ ከጣውላው ላይ ተነስቶ ወፍራም ላስቲክ ላይ ይቀመጥ፣ ድምፁም ይቀነስ።

ቀጣዩ ከሳሽ ጃዝን ከመወንጀሉ በፊት የብሬከር ሳጥኑን ክዳን ይክፈት። የአምፔሩ ቁጥር ብሬከሩ ላይ ተጽፏል።